የጉንዳን ቀስቶች

«ሠሪ አይናገርም!» አለ የኮምፒውተር መምህሩ ጣቱን ቀስሮ። «በአፍም፣ በዓይንም፣ በሳልም መርዳት የለም። ፈታኟ ቀስቱን ትከተላለች፤ ከገባት ገባት፣ ካልገባት አልገባትም።»

ጉንዳን ከፈታኟ ኋላ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠች። ጉንዳን ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አቀርቅራ ስትሠራ ስለምትውል። ስሙን አልጠላችውም። ብቻ ጉንዳን እንኳ ተሰልፎ እንደሚሄድ፣ እሷ ግን ከማንም ጋር እንደማትሄድ ስታስበው ሆድ ይብሳታል።

ፈታኝ እንድትሆን ዕጣ የወጣባት ደግሞ፣ ሰው እንደጠፋ ሁሉ፣ ሬዲዮ ናት። አፏ ስለማያርፍ ነው ሬዲዮ የተባለችው። አምና ሁለቱ አንድ ወንበር፣ አንድ ምሳ ዕቃ ነበሩ። ዘንድሮ ሰላምታቸው እንኳ በአገጭ ሆኗል።

ስክሪኑ ላይ ያለው የጉንዳን ሥራ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን ፕሮግራም ነው፤ ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደ ይይዛል፣ መመለሻው ሲደርስ ለልጁ መልእክት ይልካል። ኮድ መጻፍ የለበትም። ሳጥን ይጎተታል፣ በቀስት ይያያዛል፣ በቃ። ሳጥኑ ሥራው ነው፤ ቀስቱ ቀጥሎ ወዴት እንደሚኬድ ያሳያል። ሳጥኑ ጥያቄ ከሆነ ሁለት ቀስት ይወጣዋል፤ አንዱ ለአዎ፣ አንዱ ለአይ። ሕፃን ይሠራዋል ይላሉ። መሥራቱንስ ይሠራዋል፤ ሌላ ሰው ሲያነበው ነው ጉዱ።

ፈተናውን ካለፈ ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ካላለፈ አይጫንም፤ ነገ ደንብ ሲለወጥ ሌላ ሰው ገብቶ ማስተካከል መቻል አለበትና። ጉንዳን ደግሞ ዘንድሮ ከዚህ ሥራ ሌላ ምንም የላትም። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ትወጣለች፣ የሚገናኙት በር ላይ ነው። ምሳዋንም የምትበላው እዚሁ፣ ከማሽን ጋር ተፋጥጣ ነው።

«የፈተና ሰሞን መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት ይዋሳል እንበል» አለ መምህሩ። «የቱ ሳጥን ነው የሚለወጠው? ፈልጊ።» ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ሬዲዮ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ጀመረች። «ከዚህ... ወደዚህ... ይሄ ‹መ› የሚለው ደግሞ ምንድነው? መጽሐፍ ነው፣ መመለስ ነው፣ ወይስ መከራ?»

ጉንዳን ከንፈሯን ነከሰች። ለእሷ የቀኝ ቀስት ሁሌም አዎ ነው፣ የግራው አይ። ግን የትም አልጻፈችውም። ለማን ብላ ትጽፈው? ሬዲዮ በግራው ሄደች። ቀስቱ ሌሎች ቀስቶችን እየተሻገረ፣ በታች ዞሮ፣ መልሶ ከተነሳችበት ጣላት። ደገመችው። «እንዴ! አሁን እዚህ አልነበርኩም?» አለችና ዝም አለች።

ይህን ዝምታ ጉንዳን ታውቀዋለች። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሥራውን የጀመሩት አብረው ነበር። ሬዲዮ ቀን የደረደረችውን ጉንዳን ከትምህርት በኋላ ቀርታ ታፈርሰዋለች፣ ታዛውረዋለች፣ ስሙን ትቆርጠዋለች፤ ለማሳመር ብላ። አንድ ጠዋት ሬዲዮ መጥታ የራሷን ሳጥኖች ፈልጋ አጣች። ያኔም እንዲሁ ዝም አለች። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ጉንዳን «ከዳችኝ» ብላ ቂሟን ይዛ ቀረች።

መምህሩ ተመለሰ። «እህስ?»

«ይቺ ናት» አለች ሬዲዮ አንዱን ሳጥን ነካ አድርጋ። «ቀላል ነው ቲቸር፣ እንደ ውሃ ነው የጠጣሁት።»

የነካችው የተቀደደ መጽሐፍ የሚመዘገብበትን ሳጥን ነበር።

መምህሩ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና ሳቀ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያንቺ ድር ግን እኔኑ ሊያስረኝ ነው። ዓይኔ ዞረ! ፈታኟ ገብቶኛል ካለች እንግዲህ... አልፏል ልበል?»

ሬዲዮ ዞር ብላ ሹክ አለቻት። «ዝም በይ። እዚህ ብቻሽን ስትበዪ በመስኮት አይሻለሁ። ይለፍልሽ ብዬ ነው።»

ውለታ ነበር። ስንት ጊዜ ቆይቶ ከሰው አፍ የወጣላት ደግ ነገር፣ እሱም ውሸት ሆኖ መጣ። ብትቀበለው ሰኞ ይጫንላታል። ከዚያ በኋላም አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር እሷ ትጠራለች፤ ሌላ የሚገባበት ስለሌለ፣ እንደገና እሷ ብቻዋን።

«አልፏል አይበሉ ቲቸር።» ድምጿ ቀኑን ሙሉ ሳትናገር ስለዋለች ሻክሮ ወጣ። «ሳጥኑ ያ አይደለም። እንዲገባት አድርጌ አልሠራሁትም።»

መምህሩ ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። «እንዲህ ካልሽ ሰኞ ቀረ ማለት ነው። ለከርሞ ነው።»

«አውቃለሁ።»

እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሲሄድ ሬዲዮ ፊቷ ቀላ። «ላጉርስሽ ብል እጄን ነከስሽኝ አይደል? ውሸታም አደረግሽኝ!»

«ነገ በምሳ ሰዓት ነይ» አለች ጉንዳን።

«ምን ልሠራ?»

«እንደገና ጥፊልኝ። የጠፋሽበትን ሁሉ ላስተካክል።»

ሬዲዮ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። በሩ ላይ ጓደኞቿ ይጣሯታል። «እንጃ» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «አላውቅም። እነዚያ ይጠብቁኛል።» ወጣች።

ክፍሉ ባዶ ሆነ። ጉንዳን ተነስታ ሬዲዮ የነበረችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ገና አልበረደም። ጣቷን የመጀመሪያው ሳጥን ላይ አሳርፋ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ በግራው ቀስት መሄድ ጀመረች።