ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለሚከብደኝ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለፈው ዓመት፣ መጋቢት ውስጥ፣ ረቡዕ ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ።

ቦታው ከሰቆጣ ራቅ ብሎ፣ ደሃና ውስጥ ያለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሄድኩት መምህራኑ በክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እንዲጠቀሙ ለማሠልጠን ነበር። ስምንት ላፕቶፕ፣ ዐሥራ ሁለት መምህራን፣ ጣሪያው ላይ አንድ ሶላር። ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀላል ነበር፤ የተማሪዎቻቸውን ስም መጥሪያ በኮምፒውተር መሥራት። "ሙሉ ስም" የሚል ዓምድ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ናቸው። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ከሁሉም በኋላ ጨረሱ። ሳየው ከልጆቹ ስም አጠገብ የክርስትና ስማቸውን ጽፈዋል።

"አባ፣ ይሄን እንኳ አልፈለግሁትም ነበር" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ሙሉ ስም አላልሽም እንዴ ልጄ? ሰው ያለ ክርስትና ስሙ መቼ ሙሉ ይሆናል? ግማሾቹን ያጠመቅኋቸው እኔ ነኝ።"

መምህር ሐይደር ከኋላ ሳቀ። "እኛ አንድ ስም ስላለን ነዋ ቶሎ የጨረስነው።"

ቄሱም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"በይ አጥፊው። ይህ ስም የትም አይጣልም። የሚጠራው ለጸሎት ነው... ለፍትሐትም።"

የክርስትና ስሞቹን ሁሉንም አጠፋሁ።

አንዱ ተመለሰ።

ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት... ወለተ ገብርኤል።

እንደገና አጠፋሁት። ተመለሰ።

መስመሩን እንዳለ ሰረዝኩት። ተመለሰ...

አሁን ግን ስሙ ብቻ አልነበረም። ከጎኑ ያሉት የቀን ሣጥኖች በራሳቸው እየተሞሉ ነው። እስከ ዛሬ ያሉት ባዶ ናቸው። ከነገ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ...

ቀ። ቀ። ቀ። ቀ።

"ቀ" ማለት ቀሪ ነው። መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

"የማን ስም ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

የመለሰችልኝ አጠገባቸው የተቀመጠችው መምህርት ጸሐይነሽ ናት።

"የልጄ።"

ያለቻት እሷ ብቻ ናት። መስታወት ትባላለች፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በመስኮቱ ትታየናለች። ሜዳው ላይ ገመድ ትዘላለች።

"አባ... ምን ላድርግ?" አለች ጸሐይነሽ።

"ምንም። ነገ ጠዋት ስሟን እጠራለሁ። በገዛ አፏ አቤት ካለች ይሄ ዕቃ ዋሽቷል።"

"ካላለችስ?"

የወረቀት መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ።

ጸሐይነሽ ለብቻዬ አልደር ብላኝ እነሱ ቤት አደርኩ። እኛ እንቅልፍ በዓይናችን አልዞረም። ልጅቷ ግን ደህና ተኝታ ነጋ።

ጠዋት መሐል አድርገን ይዘናት ወጣን። አንድ እጇ በእናቷ እጅ፣ አንዱ በእኔ።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

"ምነው እናቴ?" አለቻት ጸሐይነሽ።

"ገብቻለሁ እኮ።"

"የት?"

በአገጯ ወደ ክፍሏ ጠቆመች።

ሜዳው ላይ ማንም የለም። ደወሉ ከሰዓቱ ቀድሞ ተደውሏል። በተከፈተው መስኮት የቄሱ ድምፅ ይሰማል... ስም እየጠሩ ነው።

"ዐሥራ ስድስት። ሐረገወይን ዓለምነህ።"

"አቤት።"

ጸሐይነሽ ልጇን ሳበቻት። እኔም ሳብኳት። ንቅንቅ አላለችም። ያቺ ቀጫጫ ልጅ ለሁለት ሰው ከበደች።

"ዐሥራ ሰባት። መስታወት ምስክር።"

ዝም...

"መስታወት ምስክር።"

"አቤት።"

ድምፁ የመጣው ከክፍሉ ውስጥ ነው።

የእሷ ድምፅ ነው። ማታ አብሬያት ስጫወት ስላመሸሁ አልስተውም። እጇ ግን እጄ ውስጥ ነው። ወደ አፏ አየሁ... አልተከፈተም።

በመስኮቱ ውስጥ ቄሱ ቀና ሲሉ ታዩኝ። ወደ መሐለኛው ወንበር አዩና "ተመስገን" አሉ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ምልክት አደረጉ።

ጸሐይነሽ ልጇን ወደ ኋላ ስትስባት እንደ ላባ ቀለለችላት። በዚያው ዕለት ሥራዋን ትታ ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ወደ ዝቋላ፣ ወንድሟ ቤት ይዛት ሄደች። መስታወት ከዚያ ቀን በኋላ ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልረገጠችም።

እኔ ላፕቶፖቹን ልረከብ በሰኔ መጨረሻ ተመለስኩ። የቄስ ገብረ ሊባኖስ የወረቀት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገለጥኩት።

ተራ ቁጥር ዐሥራ ሰባት አንድም ቀን አልቀረችም።