ደመላሽ ያለውና ሕሊና የሰማችው

ነገሩ የተጀመረው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር የሚሄደው መኪና ሞልቶ መንገድ ጀምሯል። ሕሊና የኋላው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ኢርፎኗን ሁለቱም ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከስልኳ ጋር ትታገላለች።

ሕሊና አምበር ላይ የሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሰዋስው ላይ የሚያክላት የለም፤ መናገር ሲመጣ ግን ትሸሻለች። ክረምት ላይ በነበረ የመምህራን ሥልጠና፣ ተነሥታ በእንግሊዝኛ ራሷን እንድታስተዋውቅ ስትጠየቅ፣ ስሟን ብቻ ተናግራ ቁጭ አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷን ያሳመማት ግን ሳቁ አልነበረም። ለካ የማስተምራቸው ልጆች ከእኔ አፍ እንግሊዝኛ ሲነገር ሰምተው አያውቁም፣ አለች በልቧ።

ከዚያ ወዲያ ነው የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚያለማምድ አፕ ስልኳ ላይ የጫነችው። ስልኩ አንድ ቃል ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ አድምጣ ትደግማለች፤ በትክክል ያለችውን አረንጓዴ፣ የሳተችውን ቀይ ያደርግላታል። የአምበር ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማያሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሄዳ ዋይፋይ ካለው ካፌ ትገባና የሳምንቱን ትምህርት አውርዳ መንገድ ለመንገድ ትለማመዳለች።

የዚያን ቀን ትምህርት ሁለት ቃላት ነበሩ። አንዱ መርከብ፣ ሌላው በግ ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ መርከቡ አጠር፣ በጉ ረዘም ይላል እንጂ። ስልኩ መርከብ በይ ይላታል፤ ትላለች፤ ቀይ ይሆናል። በግ ብለሻል ይላታል። ደግማ ትሞክራለች፤ አሁንም ቀይ። ጆሮዋ ስለተደፈነ ድምፅዋ ምን ያህል ከፍ እንዳለ አልታወቃትም። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እንደሚያያት ያወቀችው አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ክንዷን ነካ ሲያደርጋት ነው።

ኢርፎኗን ነቀለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ በግሽ ታሞብሽ ነው?» አላት ወጣቱ። «የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ነው።»

«የምን በግ?»

«በግ፣ በግ እያልሽ እኮ ነው የመጣሽው።»

«መርከብ ነው ያልኩት» አለች ሕሊና፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዘወር ብለው፣ አምበር መርከብ የገባው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቁ። መኪናው በሳቅ ተሞላ። ሕሊና መጀመሪያ የምትገባበት ጠፋት። ኋላ ግን ወጣቱ ከእሷ ብሶ ሲደነግጥና ይቅርታ ሲደራርብ ስታየው፣ የራሷም ሳቅ አመለጣት።

ስሙ ደመላሽ ነበር። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ከቀበሌ ቀበሌ በሞተር ሳይክል ሲዞር ነው የሚውለው። ስለ አፑ ስትነግረው ዓይኑ በራ። እሱም የእንግሊዝኛ ጣጣ አለበት፤ ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በቪዲዮ ለሥራ ሊፈትኑት ነው። ላሟ ምን እንዳመማት ያውቃል፤ በእንግሊዝኛ ተናገር ሲባል ግን ያመመው እሱ ነው የሚመስለው። ሕሊና ሥራው የውጭ አገር ሥራ መሆን አለበት ብላ ገመተች። መጠየቅ ግን አልጠየቀችም፤ ገና አሁን በተዋወቀችው ሰው ነገር ምን አገባት?

አምበር ሲደርሱ ስልክ ተለዋወጡ። አንድ ውል ገቡ፤ በየቀኑ አንዳቸው ለሌላቸው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ። የሚሰማውም የተሳሳተውን ያርማል።

የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች የትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚነበብባቸው ይመስሉ ነበር። እንዴት አደርሽ፤ ደህና ነኝ፤ ዛሬ ፀሐይ ነው። እያደር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ታወቃቸው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ማፈር ቀነሰ። በአማርኛ ከአፍ የማይወጣው ነገር በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ቀለል ይላል። ሕሊና ከሥልጠናው ተመልሳ እንዴት እንዳለቀሰች ለእናቷ እንኳ አልነገረችም፤ ለደመላሽ ነገረችው። እሱም እናቱ የሞተች ሰሞን በሞተሩ ብቻውን ደጀን ድረስ ሄዶ፣ የአባይን ገደል ሲያይ ውሎ እንደተመለሰ ነገራት። ግሡን ስቶ ነበር። ሕሊና የዚያን ቀን አላረመችውም።

አንድ ጠዋት፣ ስታምጥ ያደረች ላም አዋልዶ ሲጨርስ ከገበሬው ደጅ ሆኖ መልእክት ላከላት። እናትየዋ ደክማለች፤ ግን ልጇን ከማየት አልቦዘነችም፣ ይላል። ከኋላው ውሻ ይጮኻል፤ የሚያመሰግኑት ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ሕሊና አነጋገሩን ላርም ብላ ደጋግማ አዳመጠችው። ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ ሳታውቀው፣ የምታዳምጠው ለእርማት እንዳልሆነ ገባት። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

አብራት የምትኖረው መምህርት ሥራነሽ ይህን አይታ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲህ ፈገግ የሚያደርግ ከሆነ እኔም ልመዝገብ፣ አለቻት።

ሕሊና ክፍል ውስጥም ተለወጠች። ትንሽ ስፒከር ይዛ እየገባች ለልጆቹ የሰው ንግግር ታሰማቸዋለች፤ ከዚያ ራሷ ትላለች፤ ከዚያ እነሱ። ስትሳሳት «ቀይ ሆነ» ትልና ደግማ ትለዋለች። ልጆቹ ይህን ወደዱት። መምህርቷ መሳሳት ከቻለች እነሱም ይችላሉ ማለት ነው፤ እጃቸውን የማያወጡት ሁሉ ማውጣት ጀመሩ።

ጥር ላይ የደመላሽ ፈተና ቀን ደረሰ። ኔትወርክ እንዳይቆረጥበት ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ሕሊና ስታስተምር ልቧ እሱ ዘንድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ተንጫረረ። መልእክቱን የቀዳው መናኸሪያ ቆሞ ነው፤ ጥሩምባው፣ የረዳቶቹ ጥሪ፣ ሁሉም ይሰማል። በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ሥራውን አገኘሁ፣ ይላል። ከዚያም፣ ልቤ የሚፈልገውን አሁን አወቅሁ፣ ይላል። ቀጥሎ የሚለው ነው ሕሊናን ያቆማት። እሷ የሰማችው እንዲህ ነው፤ ከዚህ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ይህንም ፊት ለፊትሽ ቆሜ ልነግርሽ እፈልጋለሁ።

ደግማ አዳመጠች። ያው ነው። ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል ብላ፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን የስልኳን አገልግሎት ከፈተች። ስልኩም እሷ የሰማችውን ቃል ያንኑ ጻፈ። መሄድ።

«እንኳን ደስ ያለህ» ብላ ጻፈችለት። በአማርኛ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

በማግሥቱ የሴሚስተር እረፍት ስለነበር፣ ልብሷን ይዛ ወደ ወላጆቿ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄደች። ደመላሽ ደወለ፤ አላነሣችም። የድምፅ መልእክት ላከ፤ አልከፈተችውም። ተቆጥታ አልነበረም። የሚሄድን ሰው ደስታ እንዳታበላሽበት ፈርታ ነው። ይሂድ፣ ይማር፣ ይደግ፣ እያለች ራሷን ትመክራለች፤ ደግሞ ወዲያው ዓይኗ እንባ ይሞላል። እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም ምን እንደሆነች ጠይቀዋት፣ ጉንፋን ነው አለቻቸው።

ደመላሽ ግራ ቢገባው ሥራነሽን ሄዶ ጠየቃት። ሕሊና ከመሄዷ በፊት ሁሉን ነግራታለች፤ ሥራነሽም ነገር አታሽሞነሙንም፤ የሚሄድ ሰው የሰውን ልጅ ልብ እንዲህ አይጎትትም፣ አለችው። ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቃት፣ አንተው ታውቃለህ ብላ በሩን ዘጋችበት። በነጋታው ሞተሩን አስነሥቶ ደብረ ኤልያስ ገባ።

የገበያ ቀን ነበር። ሕሊና ከእናቷ ጋር እህል ተራው አጠገብ ቆማ ሳለ፣ አቧራ የለበሰ ሰው በሕዝቡ መሐል ሲመጣ አየች። ደመላሽ መጀመሪያ ለወይዘሮ አመተ ማርያም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ እንደምን ዋሉ እናቴ፣ የሕሊና የእንግሊዝኛ ልምምድ ጓደኛ ነኝ፣ አለ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ልጃቸውን አዩ፤ እሱን አዩ። የጉንፋኑም ምክንያት የገባቸው ይመስላል፤ ጤፍ አይቼ ልመለስ ብለው ወደ ውስጥ ዘለቁ።

ሁለቱ ከገበያው ወጣ ብለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ።

«መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው ሕሊና፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አገሩን አልነገርከኝም።»

ሕሊና ስልኳን አውጥታ የመናኸሪያውን መልእክት ከፈተችለት። የራሱን ድምፅ ፊቱን ቋጥሮ አዳመጠ።

«ይኸው፤ ሊቭ» አለች።

«አዎ፣ ሊቭ ነው ያልኩት።»

«መሄድ።»

«መኖር!» አለ ደመላሽ። «አጭሩን ሊቭ ነው እኮ ያልኩት።»

«ረጅሙን ነው ያልከው። ስልኩም ረጅሙን ነው የጻፈው።»

ስልኩን ተቀብሏት ደግሞ አዳመጠ። ጆሮው ላይ አስጠግቶ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እውነትሽን ነው» አላት። «ረጅሙን ብዬዋለሁ።»

ሥራው ውጭ አገር አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ናቸው ውጭ ያሉት፤ ሥራው እዚያው አምበርና ዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የከብት በሽታ ማጥናት ነው። እሱ የነገራት መስሎታል፤ እሷም የምታውቅ መስሏታል። የፈተናው ቀን ደስታ አፉን ቢያስረዝምበት፣ መኖር ያለው መሄድ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሕሊና ልትስቅ ጀመረችና እንባዋ ቀደማት። ቃሉን ደጋግማ ስታዳምጥ፣ ሰውየውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችውም ነበር።

«ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቅህ ምን ነበረበት...» አለች።

«እኔስ ይህን የሚያህል ነገር በአማርኛ ብነግርሽ ምን ነበረበት? አፍሬ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚቀል መስሎኝ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አሁን ግን በአፍ መፍቻዬ ልንገርሽ። ሕሊና፣ እወድሻለሁ። እዚህ፣ ካንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው።»

ለዚህ አራሚ አላስፈለገም። ሕሊና እጁን ያዘች፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየ መሆኑንም ረሳችው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በአንድ እሑድ፣ ደመላሽ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት አጎቱ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ቤት ለእንግዳ ቢባሉም እሺ እስኪባሉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የሕሊና አባት አቶ ወልደ ሚካኤል ረጋ ያሉ ገበሬ ናቸው። የልጁን ዘር ጠየቁ፤ ሥራውን ጠየቁ፤ መልሱንም በጸጥታ አዳመጡ። ከዚያ በአገሩ ደንብ ሌላ ቀን ኑ ይላሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሕሊናን ከጓዳ አስጠሯት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች፤ በሩ ሥር ቆመች።

«ሰዎቹ የሚሉትን ሰምተሻል» አሏት። «አንቺስ ልጁን ትፈልጊዋለሽ?»

«አዎ» አለች ሕሊና፤ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«አልሰማሁም ልጄ።»

ሕሊና ነጠላዋን ከአፏ አወረደች፤ ቀና አለች።

«አዎ አባባ። እወደዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እስከ አጥሩ ተሰማ።

ከጓዳ እልልታ ተነሣ። መሪጌታ አካለ ወልድ መርቀው ተቀመጡ፤ ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ማታ ዕቃ ሲያጣጥቡ ወይዘሮ አመተ ማርያም ለልጃቸው ምሥጢሩን ነገሯት። አቶ ወልደ ሚካኤል የፊተኛውን «አዎ» በደንብ ሰምተውት ነበር፤ ሴት ልጃቸው ጮክ ብላ ስትለው መስማት አምሯቸው ነው።