ወገብ ይቅደም

ይታየሽ ከባሏ ተፋትታ ከደሃና ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ወንድሟ ግቢ ከተመለሰች ወዲህ ጠላ እየጠመቀች ትሸጥ ነበር። እንጨቱንም ራሷ ነበር የምትፈልጠው። የደረቀ ወይራ ደግሞ ምሳሩን መልሶ ያነጥራል፤ ማታ ማታ ትከሻዋን ያማታል።

ከግቢው የድንጋይ ካብ ማዶ ምንዋጋው የሚባል ሰው ቤት ተከራይቶ ነበር። አስመራ፣ ፈረንጆች ጎልፍ በሚጫወቱበት ሜዳ፣ የመጫወቻ ዱላቸውን ሲሸከም ኖሮ፣ አመታቱንም ከእነሱ ተምሮ፣ እናቱ ስትታመም ነው የተመለሰው። አሁን ከብት ከሚከትቡት ጋር ገጠር ለገጠር ይዞራል። ከአስመራ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ የብረት ዱላ ብቻ ነው እያለ ሰፈሩ ይስቅበታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይታየሽ ስትፈልጥ ምንዋጋው በካቡ ላይ አሻግሮ አያት።

«እህቴ፣ እጅሽ ይቸኩላል» አላት።

ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ምሳሩ ሲወርድ እጅሽ ይቀድማል። ትከሻሽን የሚጎዳሽ እሱ ነው። መጀመሪያ እግርሽ መሬቱን ይርገጥ፤ ከዚያ ወገብሽ ይዙር፤ ደረትሽ ይከተለው። እጅ የመጨረሻ ነው፤ ተጎትቶ ይመጣል።»

«ወገቤን ነው ቆመህ የምታየው?»

ምንዋጋው ደነገጠ። «ኧረ በማርያም! አመታትሽን ነው እንጂ።»

ምሳሩን ጥላ ገባች። ፊቷ ጋለ። ንዴት መሰላት።

ጠላ ሊጠጡ የመጡ ሰዎች ሰምተው ኖሮ ወሬው ሳይመሽ ገበያውን ዞረ፤ እየዞረም አደገ። ያ የክትባት ሰው የጓንጉልን እህት ወገብ ሲያደንቅ ዋለ ተባለ። ወንድሟ ጓንጉል ሽመሉን አንስቶ ሲወጣ ጎረቤት መሀል ገባና ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«በል ልጄ፣ ምን ነበር ያልካት?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው፣ አለቃ ብዙነህ።

«ላሳይዎት» አለ ምንዋጋው። ሮጦ የብረት ዱላውን አመጣና ገና የሚጫወቱበትን ሩር፣ ትንሿን ኳስ፣ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይመልከቱ፣ አለቃ። ይህ በእጅ ብቻ ሲመታ ነው።» ሩሩ ጥቂት ተንከባሎ ቆመ። አንስቶ መለሰው። «ይህ ደግሞ ወገብ ሲቀድም ነው።»

ሩሩ ሸለቆውን ተሻግሮ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። «ሌላ ሩር ፈልጉለት እስቲ፣ ይድገመው» አሉ አለቃ ብዙነህ።

ጓንጉል ግን አልሳቀም። «ሩሩ የትም ይድረስ። የእህቴ ወገብ አንተን ምን አገባህ?»

ምንዋጋው ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ወደ ካቡ እንዳይጠጋም ተፈረደበት። ብዙም ሳይቆይ ከከታቢዎቹ ጋር ወደ ደሃና ሄደ።

ይታየሽ ይህን ሁሉ ከሴቶቹ መሀል ሆና አይታለች። ከምቱ ይልቅ ከዓይኗ ያልጠፋው ከመምታቱ በፊት ዝም ብሎ መቆሙ ነበር።

ግቢው ባዶ በሆነ ቀን ምሳሩን አነሳች። አልሆነላትም። ወገቧን ስታስብ እግሯን ትረሳለች፤ እግሯን ስታስብ እጇ አምልጦ ይቀድማል። በመጨረሻ ሰለቻትና ማሰቡን ትታ እንዲሁ ለቀቀችው። ግንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ትከሻዋ ምንም አልተሰማውም። ደስ ብሏት ወደ ካቡ ዞረች። ማንም አልነበረም። ያን ቅዳሜ ፊቷን ያጋለው ንዴት አለመሆኑ ያኔ ገባት።

ምንዋጋው ክረምቱ ሲወጣ ከስቶ ተመለሰ። ገበያ ውስጥ፣ ጨው ተራ ላይ ተገናኙ።

«እንጨቱ እንዴት ሆነ?» አላት መሬት መሬቱን እያየ።

«እጄ አሁንም ይቸኩላል» ብላ ዋሸችው።

«እንዳላሳይሽ ተፈርዶብኛል።»

«የተፈረደብህ በካቡ ነው። በበር እንዳትገባ ማን ከለከለህ?»

ቀና ብሎ አያት። ጨው ሻጩ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

«በበር የሚገባ ሽማግሌ የላከ ነው» አለ ምንዋጋው ቀስ ብሎ።

«ጓንጉል የፊታችን እሁድ ቤት ይውላል» አለችውና ጨው ሳትገዛ ሄደች።

እሁድ አለቃ ብዙነህና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ይታየሽን ለምንዋጋው ሊጠይቁ መጡ። እንደ ወጉ፣ ነገራቸው እሺ እስኪባል ድረስ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጓንጉል ሰምቷቸው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«መሬት የለው፣ በሬ የለው። ብረት ይዞ የሚዞር ሰው ነው።»

ይታየሽ ከጓዳ ወጣች። በሽማግሌ ፊት ሴት እንዲህ መውጣቷ አልተለመደም።

«ጋሼ፣ የፊተኛውን አንተ መረጥክልኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ። እንዴት ሆኜ እንደመጣሁ አይተኸኛል። ይኼኛውን እኔ መርጫለሁ።»

ጓንጉል ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ አየ። ከመጣች ጀምሮ ስለ ጠባሳው ጠይቋት አያውቅም። አለቃ ብዙነህ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ምን ቆመው ይቀራሉ፣ አለቃ» አለ ጓንጉል በመጨረሻ። «ይቀመጡ እንጂ።»

ይታየሽ መደቡ ላይ አጎዛ ልታነጥፍላቸው ጎንበስ አለች። እጇ ይቸኩል ነበር።