ጄኔሬተሩ ሲጠፋ

የክሊኒኩ ኮምፒውተር ባለሙያ ወንዳወቅ ጓሮ ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። በኮምፒውተር ገመድ ታንቋል። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለው፤ ሆን ተብሎ ነው የጠፋው።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ተቃርቦ መርሳ መብራት ካጣች ሰንብታለች። ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ስትደርስ ፖሊሶቹ ፋርማሲስቷን ቡርቱካንን በካቴና አስረዋታል።

«ልጄ ጡት አልጣለም» አለች ቡርቱካን። «እናቴ ይዛው መኪና ውስጥ ናት። ዛሬ ወደ ደሴ ካልወጣን መንገዱ ይዘጋል።»

«ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ያልሰማ የለም» አለ የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ስዩም። «የታካሚ ካርዱንም፣ ላቦራቶሪውንም፣ መድኃኒቱንም በአንድ የያዘ ፕሮግራም ገዛሁ፤ እሱ ጫነው። እሷ የድሮው የመድኃኒት ፕሮግራም ለብቻው ይቅርልኝ ብላ አበደች። የድሮውን አስጠፋሁት።»

«አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል ነው ያልኩት!» አለች ቡርቱካን።

«ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የት ነበራችሁ?» አለች ጥሩወርቅ።

«መድኃኒት እየሰጠሁ» አለች ቡርቱካን።

«እኔ ቢሮዬ» አለ ስዩም። «በላፕቶፕ የታካሚ ካርድ እያየሁ። ባትሪ አለው።»

ካርድ ክፍል ውስጥ ሠራተኛው አብዱልሐሊም ከጠቆረ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። የክሊኒኩ መረጃ ሁሉ ያለበት ዋናው ማሽን ከጠረጴዛው ሥር ነው።

«ይሄ ሲጠፋ ሌላው ኮምፒውተር ይሠራል?» አለች ጥሩወርቅ።

«የት ተደርጎ! ሁሉም ከዚህ ነው የሚያገኘው። ሕፃን መቅደላም የሞተችው እንዲህ ጠፍቶ ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት እዚህ ውስጥ ተመዝግቦ ነበር፤ ማን ይየው? ወንዳወቅ የሞተችበትን ምክንያት ለአባቷ ካልነገርኩ ወላሂ አልተኛም ሲል ነበር።»

ጥሩወርቅ ሁሉንም ሰበሰበች።

«አቶ ስዩም፣ ካርድ እያየሁ ነበር ያሉት ውሸት ነው። ዋናው ማሽን ከጠፋ ፕሮግራምዎ የትም አይከፈትም።»

«ይከፈታል! ቡርቱካን መብራት በጠፋ ቁጥር ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ጥሩወርቅ የቡርቱካንን ላፕቶፕ አዞረችለት። «ይሄ የድሮው ፕሮግራም ነው፤ ያለ ዋናው ማሽን ለብቻው ይሠራል። ደብቃዎት አስቀርታዋለች። እርስዎ የራስዎ ፕሮግራም መስሎዎት ውሸትዎን በሱ ላይ ሠሩ። ወንዳወቅ ከተናገረ ክሊኒኩ ያበቃለታል፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩን አጠፉ፣ ሊያስነሳው ሲመጣ አነቁት። መዳፍዎን ይክፈቱ።»

አልከፈተም። ፖሊሱ በግድ ፈለቀቀው። የገመዱ ሰንበር ሁለቱም መዳፎቹ ላይ ቀልቷል።

ካቴናው ከቡርቱካን ወደ ስዩም ዞረ።

«ልሂድ ወደ ልጄ?»

ስዩም ሳቀ። «ቆይ እንጂ እታለም። ለመቅደላ ፔኒሲሊኑን ስትሰጪ የተከፈተው ፕሮግራም የቱ ነበር? የኔው ቢሆን ኖሮ ጠፍቶብሽ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጪ ነበር። ልጅቱም ትኖር ነበር።»

ቡርቱካን ስክሪኑን አየች። የመድኃኒቱ ስም አለ፤ መጠኑ አለ። ስለ ታካሚዋ፣ ምን እንደማይስማማት፣ ምንም የለም።

ውጭ የደሴው መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

«ነጻ ነሽ፤ ሂጂ» አለቻት ጥሩወርቅ። ዓይኗን ግን አላየቻትም።