የሮሴንዳ አድራሻ

በኒካኖር ቤት ከሰኞ ጀምሮ የተቀመጠ ሰው የለም። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ልብ ጠፍቶ ነው። ሚስቱ ኤርሊንዳ ባቄላውን ጥዳ ወደ በር ትወጣለች፤ ከበር ተመልሳ ታማስላለች፤ ማማሰያውን እንደያዘች እንደገና በር ላይ ትገኛለች። ማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ለጥፎ ሄዷላ! የእርሳስ ብረት ማቅለጫው ከተዘጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አምና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሠራተኞች ስሙን ከማቅለጫው የወሰደውን የፉንዲሲዮንን ሰፈር የተመረዘ አፈር አንድ ሜትር ያህል ጠርገው ወሰዱ፤ በምትኩ ንጹሕ ነው የተባለ ቀይ አፈር ደፍተው ሣር ተከሉበት። አሁን ደግሞ እነሱ የሚኖሩበት የፋብሪካው ክልል የመኖሪያ ሰፈር ሊባል ነው፤ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃዎች ይቆሙበታል። ማቅለጫው ሳይዘጋ እዚያ መኖሩን ማኅተም ባለው ወረቀት ያስረዳ ቤት ይሰጠዋል፤ ያላስረዳ አጥሩን ነቅሎ ይሄዳል። ዝርዝሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካ ክልል ሰው መኖር ክልክል ስለነበር፣ በወረቀት ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ማንም አልኖረም! ቤቱ ሁሉ የተመዘገበው "መጋዘን" ተብሎ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የዘመድ አድራሻ ይዋሱለታል፤ ስኳር የመዋስ ያህል ነበር።

"የኔ ልጅ በወረቀት አራት ቤት ነው ያደገው" አለች ጎረቤቷ ቾሌ ከአጥሩ ማዶ። "በአንዱም ሳህን አላጠበም።"

"አንቺስ የት ነው የኖርሽው?"

"እኔማ በሙሽርነቴ የገባሁት መጋዘን ነው። ዕቃ ነኝ መሰለኝ።"

ኤርሊንዳ ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። አንድ ወረቀት እንዳለ ታውቃለች። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የአራት ዓመት ልጇ ሮሴንዳ ደጃፉ ላይ አፈር ስታቦካ ውላ፣ ሆዷን እያመማት፣ እየተንቀጠቀጠች፣ በዚሁ ቤት፣ በዚያ ግድግዳ ሥር በተዘረጋው አልጋ ላይ አረፈች። ኤርሊንዳ መቆም ስላልቻለች ሞቷን ያስመዘገበው ኒካኖር ነበር፤ የሞተችበት ቤት በዚያ መዝገብ ላይ ይኖራል። ታዲያ የልጅን ሞት ይዞ "ቤት ስጡኝ" ማለት... ከዚህ የከፋ ልመና ከወዴት ይመጣል?

"እማዬ፣ አንድ ወረቀት እኮ ነው" አለቻት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጇ ያዲራ። "ሮሴንዳ ራሷ እምቢ አትልሽም።"

"ደውላ ነገረችሽ?"

ኩላሊቱ የከዳው ኒካኖር ከአልጋው ላይ ሆኖ ጣልቃ ገባ። "ተዪው ኤርሊንዳ። ሌላ ቦታ እንከራይ።"

"ሠላሳ ዓመት ያልተከራየ ሰውዬ ዛሬ ምን አስቸኮለው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ረቡዕ ኤርሊንዳ ወደ ክብር መዝገብ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት፦ ሮሴንዳ፣ አራት ዓመት፣ በትኩሳት፤ የሞተችበትና የወላጆቿ መኖሪያ ሳን ሁዋን ዴ ላ ሎማ፣ የአያቷ ቤት።

"ተሳስተሻል ልጄ። ሌላ ሮሴንዳ ትሆናለች።"

"ያስመዘገቡት አባቷ ናቸው እማማ። ፊርማቸው ይኸውልዎት።"

አውቶቡሱ ቆሞ ቢጠብቃትም አላየችውም፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። ኒካኖር ፊቷን ሲያይ ምንም ሳትጠይቀው ተናገረ።

"ከፋብሪካው ሰው መጣ... 'ልጅ እዚህ ሞተች ከተባለ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ማቅለጫው ይዘጋል፣ አንተም ትባረራለህ' አለኝ። ያዲራ ሆድሽ ውስጥ ነበረች።"

"እና ልጄን ከቤቷ አውጥተህ ሰጠሃቸው?"

"...አዎ።"

ኤርሊንዳ ሄዳ ባቄላውን አማሰለች። ብትጮህ ይሻለው ነበር! ሐኪሞቹ ያኔ መጥተው ቢሆን፣ ከሮሴንዳ በኋላ ያን አፈር ከላሱት ልጆች ስንቱ ይተርፍ ነበር? እሱም ይህን ጥያቄ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሸሸው ኖሯል፤ የታመመውስ ኩላሊቱ ብቻ ነበር?

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሣ፤ ጫማውን ለማሰር ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ቾሌንና ሌላ ጎረቤት ለምስክርነት ይዞ ጸሐፊዋ ፊት ቆመ፤ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ዋሽቼ ነበር አለ። "ልጄ የሞተችው ፉንዲሲዮን ነው፤ የኖረችውም እዚያው ነው። የገደላትም እኔ አቀልጠው የነበረው ብረት ነው።" ጸሐፊዋ ዓይኗን እየጠረገች ልጅቷ የኖረችበትንና የሞተችበትን ቦታ አስተካከለች፣ ማኅተሙንም መታች።

ዓርብ በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ያለው ወጣት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ይሄ የሚያስረዳው ሕፃኗ ፉንዲሲዮን መኖሯን ነው። የናንተ አድራሻ ግን አልተነካም፤ ሳን ሁዋን ይላል።"

"የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ነበር የምትኖረው?" አለች ኤርሊንዳ።

ወጣቱ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ። "በወረቀቱ መሠረት... አዎ እማማ። እሷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ቤቱ ይገባት ነበር።"

ደረጃው ላይ ኒካኖር ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ኤርሊንዳ ከረቡዕ ወዲህ አልነካችውም ነበር፤ አሁን ክንዱን ያዘችው። "ተደገፈኝ" አለችው፤ "ሰው እያየን ነው።" እሱም ተደግፏት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ፊት ለፊቷን እያየች ጠበቀችው።

አጥሩ በተነቀለ በሦስተኛው ሳምንት፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ እጁ በእጇ እንዳለ ኒካኖር አረፈ። ሕንፃዎቹ ተሠርተው ሰው ገባባቸው፤ በረንዳው ሁሉ አበባ ነው። ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ምነው ጨካኝ በሆነ! ጨካኝ እንኳ እግሩ ላይ ወድቀው ሲለምኑት አንድ ቀን ይራራ ይሆናል። ይሄኛው ግን የተጻፈለትን ብቻ አንብቦ፣ ቀና ብሎም ሳያይ፣ ቀጣዩን ሰው የሚጠራ ነው።