ከእንግሊዝ የመጣው የመስቀል መቆሚያ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ሲለኝ እንቅልፍ ቢያጣ ነው ብዬ የምስቅ ነኝ፣ አሁንም የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የነካሁትን ብቻ ነው።

ያ ጋዝ የተወደደበት ሰመር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት መሆኑ ነው፣ ቴክሳስ፣ ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ ውስጥ ከአውሮፓ የጥንት ዕቃ በሚያስመጣ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ማለት ነው፣ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። አንድ ቀን ከእንግሊዝ ገጠር፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የተነሳ ድንጋይ መጣ፣ ስምንት ማዕዘን፣ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው። አለቃችን እንደነገረን በመካከለኛው ዘመን የድንጋይ መስቀል ቆሞበት ነበር፣ መስቀሉ ግን ከጠፋ ቆይቷል፣ የገዛው ሰውዬ ፎርት ዎርዝ ከተማ ባለው ግቢው ውስጥ አበባ ሊተክልበት ነው።

አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ተፈራ፣ በሱዳን አድርገው የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድንጋዩን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ይሄ የአበባ ቦታ አይደለም።"

"እርስዎ ደግሞ ጋሽ ተፈራ! ድንጋይ እኮ ነው" አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ልጠቀልለው ስጠጋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚፈጭ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ፋኑ ነው ብዬ አለፍኩት። የመጠቅለያውን ላስቲክ ይዤ ዙሪያውን ስዞር እጄ ሳይታወቀኝ ከፍ አለና ላስቲኩ ከድንጋዩ በላይ ወጣ፣ እመኑኝ፣ አልወደቀም፣ ባዶ አየር ላይ ተጠመጠመ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ማለቴ፣ አልሮጥኩም፣ እጄ እስከደረሰበት ጠቀለልኩት፣ አራት ጎን ያለው ዓምድ ሆኖ ቆመ፣ ማዶ ያሉት ጋሽ ተፈራ በላስቲኩ ውስጥ ወለል ብለው ይታዩኛል። መዳፌን አስደገፍኩ። ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው፣ በቴክሳስ ሙቀት!

"ቅደደው ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ቅደደውና ተወው፣ እንዳትጭነው።"

በቢላ ቀደድኩት፣ ላስቲኩ መሬት ወደቀ፣ እጄን ብሰድ አየር ብቻ። ካልጫንኩት ደግሞ መባረሬ ነው፣ ሶ፣ ሎድ አደረግኩት፣ ሹፌራችን ካሳሁንም ይዞት ሄደ።

አመሻሽ ላይ ከፎርት ዎርዝ ደወለ።

"ድንጋዩን አወረድነው።"

"ኦኬ፣ ጎበዝ።"

"ረጅሙን ግን ብቻዬን አልችለውም፣ ማን ያግዘኝ?"

"የቱን ረጅሙን?"

በስልኩ የመኪናው የኋላ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

በማግስቱ ባዶ መኪና መለሰ፣ ቁልፉን አስረከበ፣ ሥራውንም ለቀቀ። አሁን ሮውሌት ከተማ ነው የሚኖረው፣ ስንገናኝ ይስቃል፣ ልጆቼን ይጠይቃል፣ "ያን ቀን ረጅሙን ምን አደረግከው?" ካልኩት ግን ፊቱ ይለወጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ተመልሶ ወደ እናንተ አልመጣም እንዴ?" ይለኛል።