ጉም ነፋስን አይቶ ዝም ያለበት ገጽ

«ያ መጽሐፍ ሻጭ እኮ ታጭቷል አሉ» አለች አክስት፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ።

ትናንትም ብላዋለች። ባለፈው ሳምንትም ብላዋለች። ያኔ እጮኛይቱ የአጎቱ ጓደኛ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ ሩቅ ከተማ ያለች፣ ባለ ፎቅ ሐኪም ሆናለች። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ሲያድር ኩፍ ይላል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ቬሎዋን ልስፋላት?» አለች የእህቷ ልጅ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናው ሳታነሣ።

«አንቺ መርፌ!»

መርፌ ስሟ አይደለም፤ ለምላሷ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። እሷም አልተቀየመችም፤ በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ለበሰችው። ደግሞም አክስቷ አታውቅም እንጂ፣ ወሬው በተደገመ ቁጥር ክሩ ይበጠስባት ነበር።

የመጽሐፍ ሻጩ ሱቅ ከልብስ ስፌቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። መጀመሪያ የገባችው ጉምን ፍለጋ ነበር። ጉም ስድሳ ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲታተም የኖረ የኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ጀግና ነው፤ ሲሻው ጭጋግ ሆኖ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። ነፋስ የምትባለዋ ሴት ደግሞ ጠላቱ ናት፤ እፍ ብላ ትበትነዋለች። ኮሚኩ ላይ ሁልጊዜ ይጣላሉ። አድናቂዎቹ ራሳቸው ጽፈው በኢንተርኔት በሚለቋቸው ታሪኮች ውስጥ ግን ይዋደዳሉ። መርፌ ከስልኳ ላይ እያነበበች ሁለቱን በመርከብ ላይ አዋድዳቸዋለች፣ በዳቦ ቤት አገናኝታቸዋለች፣ ሸብተው ሲጨቃጨቁም ሰምታቸዋለች። ዋናውን ኮሚክ ግን በእጇ ነክታው አታውቅም።

«ጉም ነፋስን አይቶ ዝም ያለበትን ስጠኝ» አለችው ገና ከበሩ።

«ቁጥሩን ታውቂዋለሽ እህቴ?»

«ቁጥር አላውቅም። እሷ ጣሪያ ላይ ቆማለች፤ እሱ ከታች ቀና ብሎ ያያታል። ምንም አይባባሉም። አድናቂ ሁሉ ፍቅራቸውን የሚጽፈው ከዚያች ሥዕል ተነሥቶ ነው።»

«ከቁጥር አንድ ካልጀመርሽ አይገባሽም።»

«አንተን ለማናገር ከልደትህ ጀመርኩ እንዴ?»

ሻጩ ሳቀ፤ ሳቁ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ ያነሣ መሰላት።

ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት መንገዱን ማቋረጥ ለመደች። እሱ በቁጥር ቅደም ተከተል ያቀብላታል፤ እሷ መሰላሉ ላይ ተቀምጣ ከመጨረሻው ትጀምራለች፣ ያልጣማትን ትዘላለች።

«እሱን አትዝለዪ! ጉም የሞተበት እኮ ነው!»

«ማን ገደለው?»

«የበረዶው ንጉሥ።»

«አይ፣ የትኛው ጸሐፊ ማለቴ ነው። ይሄኛው አይወደውም፤ ያስታውቃል። ስለዚህ ይሄ ሞት አይቆጠርም።»

«አይቆጠርም? ታትሟል እኮ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የፈጠረው ሰውዬ አለ?»

«እሱማ ቆየ ካረፈ። በልጅነታቸው ሲያነቡት ያደጉ ናቸው ተቀባብለው የቀጠሉት።»

«ታዲያ እነሱም አድናቂ ናቸዋ! ልዩነታቸው ደመወዝ መብላታቸው ነው።»

በገዛ ቤቱ አይቶት የማያውቀውን በር እንዳሳዩት ሰው አያት። በመስኮቱ የገባው የቀትር ብርሃን በመካከላቸው ቆሞ ነበር። መርፌ ዓይኗን ወደ ገጹ መለሰች።

ያችን ገጽ ግን አላሳያትም። «ሲደርስ» ይላል ሁልጊዜ። «ተራው ሲደርስ።»

አንድ ቀን የሱሪ እግር እያሳጠረች በመስኮት ስታይ፣ ሱቁ ውስጥ ሜትር የያዘች ሴት ግድግዳውን ትለካለች። ሻጩ የሜትሩን ጫፍ ይዞላት ይስቃሉ።

«ይኸው! አላልኩሽም?» አለች አክስት። «ሱቁን ሊለቅ ነው!»

ከአንዲት እይታ መቶ ገጽ ማንበብ የለመደው ጭንቅላቷ ሥራውን ጀመረ። ሱሪው ሳያልቅ ሁለቱን ዳረቻቸው፣ ሩቅ ከተማ ወሰደቻቸው፣ ሴቲቱን አስረገዘቻት። ሄዳ መጠየቅ አልመጣላትም። መርፌ ማንንም «እውነት ነው ወይ?» ብላ አትለምንም። መንገዱን ማቋረጥ ተወች፤ ማታ ማታ በሕልሟ ግን ሱቁ ጭጋግ ሞልቶት ታየው ነበር፤ እጇን ስትዘረጋ ይበተናል።

በመጨረሻ የተዋሰቻቸውን ኮሚኮች ሰብስባ ልትመልስ ሄደች።

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ለምኑ?» ፊቱ ከስቷል። «የት ጠፋሽ?»

«ግድግዳህን ለምትለካዋ ነዋ።»

«ለአናጺዋ?»

መርፌ የያዘቻቸውን ኮሚኮች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«መደርደሪያ እያሠራሁ ነው» አለ ጆሮው ቀልቶ። «ቁጥር የሌለው። አንቺ እንደምታነቢው የሚደረደር፤ የሚዋደዱበት ለብቻ፣ የማይቆጠሩት ሞቶች ለብቻ።»

«ሰፈሩ እኮ ታጭቷል ይላል!»

«እኔም ሰምቻለሁ። ማን ትሆን ብዬ ጓጉቼ ነበር።»

ሳቋን ዋጠችው። «እና ምን ይዞህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ያችን ገጽ ስንደርስ ልነግርሽ ነበር። በተራው።»

«ስንት ቀርቶን ነበር?»

አሰበ። «በእኔ አካሄድ... ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት! አንተ ሰው፣ እኔ አንድ ሱሪ አሳጥሬ ሳልጨርስ ድሬህ፣ ኩዬህ፣ ልጅ አስወልጄህ ነበር እኮ!»

«ከማን?»

«ዝም በል!»

ዝም አለ። ከባንኮኒው ሥር አንድ የደበዘዘ ኮሚክ አወጣና መሀሉን ገለጠላት። ነፋስ ጣሪያው ላይ፣ ጉም ከታች። ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው አዩት፤ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ እርስ በርስ። በዚያ ቀን ተራውን የጠበቀ ነገር አልነበረም።

ተጋቡ። ልጃቸው መራመድ በጀመረችበት ዓመት፣ ያን ገጽ የሳለው ሽማግሌ በሬዲዮ ቀርቦ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሰሙት። ሥዕሉ ቃል አልባ ሆኖ አልተሳለም አለ ሽማግሌው፤ ንግግሩ የተጻፈበት ነጭ ክብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ተገንጥሎ ወድቆ ነው። ጉም ቀና ብሎ ነፋስን «ፖሊስ ጠርቻለሁ» ይላት ነበር።